ነውር ሌላ፣ ጸያፍ ሌላ

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት ተማሪ ሳምቡሳ ትበላለች። ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ገደማ ነው። ምሳ ያልበላ ሰው እንዴት እንደሚያኝክ ታውቃላችሁ። አጠገቧ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ጥቂት ታገሡና ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ መንገድ ላይ አይበላም፤ ነውር ነው" አሏት። ልጅቷ አፈረች። የተረፈውን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ያለ ማዳመጫ ከፍቷል። ቲክቶክ ላይቭ ነው። ሁለት ሰዎች ይሰዳደባሉ። አንደኛው የሌላኛውን እናት ገላ ከላይ እስከ ታች ይዘረዝራል። ምን እንደሚያደርጋትም ይናገራል። ታክሲው ሙሉ ይሰማል። ረዳቱ ይስቃል። ሹፌሩም በመስታወት ወደ ኋላ እያየ ይስቃል። እኚያ እናት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም።

ሳምቡሳው ተገሠጸ፣ ስድቡ በሰላም አለፈ።

በርግጥ ጎረምሳ መናገር ያስፈራል። የፍርሃት ነገር ብቻ ግን አይመስለኝም። ሁለቱን ነገሮች አንድ ቋት ውስጥ ከከተትናቸው ቆየን። ነውር፣ ብልግና፣ ጸያፍ፣ አሳፋሪ... ከአፋችን የቀደመውን እንወረውራለን። አጭር ቀሚስም "ጸያፍ" ይባላል። ሕፃን ልጅ ላይ የሚሠራ ግፍም "ጸያፍ" ይባላል። ሁሉም አንድ ስም ሲይዝ ትልቁ ከትንሹ ጀርባ ይደበቃል። ትንሹን መቆጣት ደግሞ ይቀላል። እሱን ተቆጥተን ሥራችንን የጨረስን ይመስለናል።

አማርኛው ራሱ ግን እንደኛ አልተምታታበትም። ልብ ብላችሁ ስሙት። ሥርዓት ያጣን ሰው "ስድ" እንላለን፤ የተለቀቀ ማለት ነው። "ልቅ" እንላለን። "መረን የወጣ" እንላለን። "ጋጠወጥ" እንላለን። ጋጥ ከብት የሚታሰርበትና ገፈራው የሚቀርብለት ቦታ ነው። ጋጠወጥ ያንን ጋጥ ጥሎ የወጣው ነው። ቃላቱ የከብት ቤት ሽታ አላቸው። ከብቱ በተፈጥሮው ክፉ ስለሆነ አይደለም የምንጮኽበት። ቦታውን ስለለቀቀ ነው። ገመድ ይዘን እንሄዳለን፣ ወደ ጋጡ እንመልሰዋለን፣ ነገሩ ያበቃል።

"ጸያፍ" ከበረት አልመጣም። የመጣው ከሆድ ነው። "ተጸየፈ" ስንል ፊቱን አጨማደደ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ ሊያስመልሰው ደረሰ ማለታችን ነው። የተጸየፉትን ነገር ወደ ቦታው አይመልሱትም። የሚመለስበት ቦታ የለውማ።

ነውርም የራሱ ታሪክ አለው። በመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ነውር እንከን ነው፣ የአካል ጉድለት። ዘጸአት ምዕራፍ 12 ላይ ለፋሲካ የሚታረደው ጠቦት "ነውር የሌለበት" እንዲሆን ታዟል። ዓይኑ ያልጠፋ፣ እግሩ ያልተሰበረ ይሁን ነው ነገሩ። እንግዲህ ነውር በደህና ነገር ላይ የወጣ እንከን ነው። አንድ ትልቅ ሰው "ነውር ነው" ሲለን፣ አንተ ደህና ልጅ ነህ፣ ይቺ ግን አልመጠነችህም እያለን ነው። እኚያ እናት "ልጄ" ብለው የጀመሩት ለዚህ ይመስለኛል። ይህ ሁሉ የማይነካው ሰው ሲገጥመን "ነውር ጌጡ" እንለዋለን። እንከኑን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር።

እግረ መንገዴን ስለ "ጨዋ"ም አንድ ነገር ልበል። ዛሬ የባለጌ ተቃራኒ ጨዋ ነው። ድሮ ግን ጨዋ የጠባይ ስም ብቻ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የሚባለው የንጉሥ ጭፍራ ነበር። "የጨዋ ልጅ" ሲባልም የምናየው ወገኑን እንጂ ጠባዩን ብቻ አይደለም። በቤተ ክህነት አካባቢ ደግሞ ጨዋ ማለት ያልተማረው ምእመን ነው። ይህን ያነሣሁት ነውርን የምንለካበት ገመድ መቼም እኩል ሆኖ እንደማያውቅ ለማሳየት ነው። ለጌታው ልጅ ጨዋታ የሆነው ለሎሌው ልጅ ብልግና ይሆናል። ለወንዱ "ጎረምሳነት" የተባለው ለሴቷ "ስድነት" ይባላል። ማዕረግና ጾታ በገመዱ ላይ ተቋጥረዋል።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለይ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቦታውን፣ ሰዓቱን ወይም ሰዉን ብቀይረው ነገሩ ደህና ይሆናል ወይ? ሳምቡሳው ካፌ ውስጥ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ያስነቀፈ ሳቅ ሠርግ ቤት ያስመሰግናል። አባት ፊት እግር አነባብሮ መቀመጥ፣ ሽማግሌን "አንተ" ማለት፣ ሰው ቆሞ እያየ "እንብላ" ሳይሉ መጉረስ፣ በግራ እጅ መቀበል... ሁሉም ከጋጡ የወጣ ነገር ነው። ቦታው ላይ ቢገኝ ምንም አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የከምባታው ነው። በከምባታ ባሊሻ የሚባል ወግ አለ። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። እሱ ብቻ አይደለም። አማትየው ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትተዋለች። ለዕለት ዕቃው፣ ለእህሉ፣ ለከብቱ ሌላ ስም ትፈልጋለች። ባሏ ግን ያንኑ ቃል እንደ ልቡ ይናገረዋል። አንድ ቃል በእሷ አፍ ነውር፣ በእሱ አፍ ተራ ቃል ሆነ ማለት ነው። ቃሉን ብትመረምሩት ምንም አታገኙበትም። ነውሩ ያለው በእሷና በአማቷ መካከል ነው።

ልብስም እንዲሁ ነው። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ደረትን ገልጦ መሄድ የዘወትር ነገር የሆነባቸው ማኅበረሰቦች አሉ። ማንም ደንገጥ አይልም። ያው ገላ ፒያሳ ላይ ቢታይ ትራፊክ ይቆማል። ገላው አልተቀየረም። ተቀየረ ከተባለ የተቀየረው ተመልካቹ ነው።

አዝማሪ ቤት ደግሞ ነውር በፈቃድ የሚሠራበት ቦታ ነው። እዚያ ገብቶ የተቀመጠ ሰው እንደሚነካ ያውቃል። አዝማሪው ቦርጩንም፣ ኪሱንም፣ አብራው ያለችውንም ያነሣል። በሰም ሸፍኖ ወርቁን ይተኩሳል። ሳቅ ይሆናል፣ ሽልማት ይሆናል። ያንኑ ግጥም ሰሙን ገፍፎ ቢሮ ውስጥ የደገመ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ቢደርሰው አይፈረድም።

ይሄኔ ጠንቃቃ አንባቢ ይይዘኛል። ባልና ሚስት ጓዳቸው የሚያደርጉት አደባባይ ላይ ቢደረግ የተቀየረው ቦታው ብቻ ነው። ታዲያ እሱም ተራ ነውር ነው ልትል ነው? አልልም። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ፦ ሳይወድ የገባበት ሰው አለ ወይ? አደባባዩ ላይ ያለው አላፊ አግዳሚ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን፣ ማንም "ታያለህ ወይ?" ብሎ አልጠየቀውም። ከዚህ አልፎ አንድ ሰው ራሱ ዕቃ ሲሆን፣ ገላው ያለ ፈቃዱ ሲሸጥ፣ ሲታይ፣ ሲዘረዘር፣ ያ ነገር ከጸያፍም ጸያፍ ነው። የሕፃናት የወሲብ ምስልን ውሰዱ። ቁልፍ ባለው ስልክ ውስጥ፣ በተዘጋ ክፍል፣ በእኩለ ሌሊት ቢቀመጥም ጸያፍነቱ ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ማሰራጨቱን ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘቱንም ወንጀል ያደረገው ለዚህ ነው። ለዚህ ነገር ጋጥ አልተሠራለትም።

ልዩነቱን በፍርድ ቤት ለብዙ ዓመት ሲያበጥሩት የኖሩት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ፖተር ስቱዋርት ጸያፍ የሚባለው ምን እንደሆነ መተርጎም ቢቸግራቸው "ሳየው አውቀዋለሁ" ብለው ጻፉ። እስከ ዛሬ ይሳቅባቸዋል። እኔ ግን ሐቀኛ ሰው ናቸው እላለሁ። የኛም ሽማግሌዎች ቢጠየቁ ከዚህ የተሻለ አይሉም ነበር። በ1973 ፍርድ ቤቱ ሚለር በተባለው ጉዳይ መለኪያ አወጣ። አንድ ሥራ ጸያፍ እንዲባል በአካባቢው ተራ ሰው ዓይን በጠቅላላው ሲታይ ለወሲብ ስሜት የሚያጓጓ መሆን አለበት። በሕግ የተዘረዘረ ወሲባዊ ድርጊትን ገሃድ በሆነ አስቀያሚ መንገድ ማሳየት አለበት። በዚያ ላይ ደግሞ ሥነ ጽሑፋዊ፣ ኪነ ጥበባዊ፣ ፖለቲካዊ ወይም ሳይንሳዊ ቁም ነገር የሌለው መሆን አለበት። ሦስቱም ካልተሟሉ ጸያፍ አይደለም። ከተሟሉ ግን የንግግር ነፃነት አይጠብቀውም፤ ቀንም ሌሊትም።

ጸያፍ ያልሆነው ነገር ግን የሚያሳፍረውስ? እዚህ ላይ ነው የወደድኩት ጉዳይ የሚመጣው። በዚያው በ1973 አንድ የኒው ዮርክ ሬዲዮ ጣቢያ ጆርጅ ካርሊን የተባለውን ኮሜዲያን ቀልድ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አሰማ። ቀልዱ በሬዲዮ ስለማይባሉ ቃላት ነበር፤ ቃላቱን እየደጋገመ ይጠራቸዋል። አንድ አባት ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ሆኖ ሰማና ሬዲዮን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አቤት አለ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በ5 ለ 4 ድምፅ ጣቢያው ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ግን ቀልዱን ጸያፍ አላለውም። ዳኛ ስቲቨንስ ከቀድሞ ፍርድ ወስደው ያስታወሱት ምሳሌ አለ፤ አሳማ በበረቱ ፈንታ እልፍኝ ውስጥ ሲገኝ እንደማለት ነው ይላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋጠወጥ ማለት እኮ ነው! አያቶቻችን የዋሽንግተን ዳኞች በብዙ ገጽ የጻፉትን በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

ውጤቱም ከምሳሌው ጋር የሚሄድ ነው። አሳማውን አልገደሉትም፤ በረት ሠሩለት። በአሜሪካ በአየር ሞገድ በሚተላለፍ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አሳፋሪ ግን ጸያፍ ያልሆነ ነገር በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይፈቀዳል። ልጆች ይተኛሉ ተብሎ በሚታሰብበት ሰዓት። በ2004 ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ የእረፍት ትርኢት ላይ የዘፋኟ ጃኔት ጃክሰን ጡት ከአንድ ሰከንድ በታች ለሆነ ጊዜ ሲታይ ሲቢኤስ የተባለው ቴሌቪዥን ጣቢያ 550,000 ዶላር የተቀጣው በዚሁ በነውሩ ደንብ እንጂ በጸያፉ ሕግ አልነበረም። ቅጣቱንም ቆይቶ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሰረዘው። ኢንተርኔት ሲመጣ ኮንግረስ የነውሩን ደንብ ወደዚያም ሊያሻግረው ሞክሮ ነበር። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነውሩን የሚከለክለውን ክፍል ሻረው፤ በጸያፉ ላይ ያለው ክልከላ ግን ቀጠለ። በኢንተርኔት ላይ ሰዓት የለም፣ እልፍኝና በረትም አልተለየም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ቤታችን እንግባ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊዙ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን የተረቀቀ ነው። እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ 865 አንቀጾች አሉት። ከአንቀጽ 639 ጀምሮ ያሉት ጥቂት አንቀጾች የኛን ጉዳይ ይይዛሉ። በአደባባይ የሚፈጸም የወሲብ ድርጊት፣ ጸያፍ ምልክት፣ ጸያፍ ጽሑፍና ሥዕል፣ ጸያፍ ትርኢት፣ ለልጆች የሚደረግ ጥበቃ እዚያ ውስጥ አለ። ለንጹሕ ኪነ ጥበብ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሳይንስ ሥራም በር ተትቷል። የሕክምና መጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል የሚያስከስስ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሕጉ ሦስተኛ ክፍል አለው፤ የደንብ መተላለፍ የሚባለው። ሰክሮ መረበሽን የመሳሰሉ ቀላል ጥፋቶች የሚገቡት እዚያ ነው። ቅጣቱም ቀላል ነው። ስለዚህ ሕግ አርቃቂዎቹም ደረጃ እንዳለው አውቀዋል። ስድብ ደግሞ ሌላ ጋ ነው ያለው፣ ክብርን ከሚነኩ ወንጀሎች መካከል። ተራ ስድብ የሚያስቀጣው የተሰደበው ሰው ሲያመለክት ነው። የግል አቤቱታ ይባላል። የክብሩ ባለቤት ዝም ካለ ዓቃቤ ሕግ አይነሣለትም። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሁሉን ስድብ ፖሊስ ልከታተል ቢል መርካቶ ብቻውን ጣቢያውን ይሞላዋል።

ችግሩ ያለው ሕጉ የሚጠቀምበት "መልካም ጠባይ" የሚለው ቃል ላይ ነው። የማን መልካም ጠባይ? የቦሌ? የደብረ ታቦር? የጂንካ? ሕጉ መለኪያውን ለዳኛ ትቶታል፤ ዳኛውም እንደ ስቱዋርት ሲያየው ያውቀዋል። ከዳኛው በፊት ደግሞ የሚያየው ፖሊስ ነው። ባለፉት ዓመታት ፖሊስ በቲክቶክ ላይ ከባህልና ከሥነ ምግባር የወጣ ነገር ለቀቁ ያላቸውን ሰዎች መያዙን ሲያሳውቅ ሰምተናል። ማኅበራዊ ሚዲያው ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተቆጣ። እኔ ሁለቱም ወገን ጥያቄውን የዘለለው መሰለኝ። ገላ የሚያሳይ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ነውር በሉት። እኔም እናቴ አጠገቤ ብትኖር ጣቢያውን እቀይር ነበር። ግን ማን ሳይወድ ገባበት? ማን ዕቃ ሆነ? መልሱ "ማንም" ከሆነ ግሣጼ ነው የሚበቃው፣ ካቴና አይደለም። የሴት ልጅን እርቃን ፎቶ በቂም ቴሌግራም ላይ የሚበትነው ልጅ ግን በዚያው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። እሱን "ባለጌ" ብለን እናልፈዋለን። ባለጌ አይደለም። ወንጀለኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሕግ ሊገደብ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ሲያነሣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ይጠቅሳል። ሁለቱም ስለ ሰው ናቸው። ቀሚስ አልተጠቀሰም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ምክንያቱም እዚያ ጸያፉ ነገር በጸያፍ ቃል አይመጣም። አንድ ጊዜ የሠራሁበት ቦታ አንድ አለቃ ነበር። አንድም ቀን ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አዲስ የገቡ ሴት ልጆችን ሳይቀር አንቱ ይል ነበር። "እርስዎ ቢፈቅዱ ቅዳሜ ምሳ..."፣ "ስለ ዕድገትዎ ረጋ ብለን ብንወያይ..."። ባልደረቦቻችን ሲያማርሩ መልሱ "ኧረ እሱ እኮ ጨዋ ነው!" ነበር። በዚያው ቢሮ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ አፉ አያርፍም። የሚቀልደው ቀልድ ጆሮ ያስይዛል። ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለማን ይመስላችኋል? ለጥበቃው።

"ባለጌና ዋንጫ ከወደ አፉ ይሰፋል" ይላል ተረታችን። ብልግናን በአፍ ስፋት መለካት የለመድነው ከድሮ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን አፍን አይለካም። ወሲባዊ ትንኮሳ ሲተረጉም ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ ለማግባባት በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ መሞከርን ነው የያዘው። ቃሉ ይጣፍጥ ይምረር አይልም። ኃይል ሲጨመርበት ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል። ያ አንቱ ባዩ አለቃ በዚህ ሚዛን ሲቀመጥ ጥበቃው ተራ ጋጠወጥ ሆኖ ይታያል። ጥበቃውን በአንድ ቁጣ ትመልሰዋለህ።

መንገድ ላይም ያው ነው። ለከፋን "ጨዋታ" ብለን ስም አውጥተንለታል። ልጅቷ ብትመልስ ባለጌዋ እሷ ናት። አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። የተናገረው ሳቀ፣ የመለሰችው ተገሠጸች።

ሁለቱን ማምታታት በተቃራኒው መንገድም ያስከፍላል። ነውርን ጸያፍ ስናደርገው ዝምታ ይነግሣል። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ ሥርጭት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ለመናገር ግን አፋችን ተያዘ። "ኮንዶም" የሚለው ቃል ሳሎን ውስጥ ሲሰማ ቴሌቪዥን የሚዘጋ አባት የብዙዎቻችን አባት ነበር። ቃሉ ነውር ነበር፤ እሺ። ቦታ ሊፈለግለት የሚገባ ነገር ነበር፣ ክሊኒክ፣ ክፍል ውስጥ፣ የወጣቶች ክበብ። እኛ ግን እንደ ጸያፍ ቆጥረን ከሁሉም ቦታ አባረርነው። ያለ ቦታ የቀረው እውቀት ነው።

ዛሬም ሱቅ ሄዳችሁ ሞዴስ ግዙ። ባለሱቁ ዙሪያውን አይቶ በጋዜጣ ይጠቀልልላችኋል። ከዚያ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። ቢራ በግልጽ ይዤ እወጣለሁ፣ ሞዴስ ግን እንደ ኮንትሮባንድ ነው። የወር አበባ በጓዳ የሚነገር ነገር ነው ከተባለ መልካም፣ ጓዳም ቦታ ነው። ብዙ ቤት ግን ጓዳም ውስጥ አይነገርም። አማርኛ እኮ ለዚህ አልቸገረውም። ሀፍረተ ሥጋ ይላል፣ ሩካቤ ይላል፣ "ውጭ ልውጣ" ይላል። ሁሉንም ነገር በጨዋ ልብስ አልብሶ ለመናገር ሠርቶ ጨርሶልናል። ገላውን ሀፍረት አለው እንጂ ጸያፍ አላለውም። ሀፍረት የሚሸፈን ነገር ነው፤ የሚሸፈነው ደግሞ የከበረው ነው።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ነውር የሚሠራው ጋጥ ሲኖር ነው። አዝማሪ ቤት አለ፣ ለቅሶ ቤት አለ፣ ሳሎን አለ። በየቦታው የሚባለውና የማይባለው ይታወቃል። ስልክ ግን ይህን ሁሉ አፈረሰው። በዋሽንግተን አንድ ምድር ቤት ውስጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለአምሳ ጓደኞች የተባለ ቀልድ ደሴ ላይ ቁርስ የሚበላ ቤተሰብ መሐል ይገባል። ተናጋሪው አዝማሪ ቤት ያለ ይመስለዋል። ሰሚው ሳሎኑ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። አሳማው በአንድ ጊዜ በረትም እልፍኝም ውስጥ ነው ያለው።

ባሕረ ሰላጤው አገር ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ሦስተኛ ጋጥ ይገጥማቸዋል። ዱባይ ሆና በዋትስአፕ ሰው የሰደበች ልጅ በኛ ሚዛን አፈ ልቅ ናት፤ እናቷ ትቆጣታለች፣ ያልፋል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሕግ ግን በኢንተርኔት መሳደብ ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ሊያስቀጣ ይችላል፣ እስርም ሊኖርበት ይችላል። ለቤት ሠራተኛ ይህ ገንዘብ የዕድሜ ልክ ደመወዝ ነው። እዚያ ለሚሄዱ ልጆች ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ይህ አንድ ገጽ ቢገባ ምን ነበረበት?

ላይቭ ላይ ያለው ስድብ ደግሞ ንግድ ሆኗል። "ባትል" ይሉታል። ሁለት ሰዎች ይገጥማሉ፣ ተመልካቹ ስጦታ ይልካል፣ ስጦታው ገንዘብ ይሆናል። ጽጌረዳው ሳንቲም ነው፣ አንበሳው ብዙ ብር ነው። ስድቡ ሲከፋ አንበሳው ይመጣል። ስለዚህ ሰዎቹ ስለተናደዱ አይደለም የሚሳደቡት። ብዙዎቹ ከላይቩ በኋላ ይደዋወላሉ። ነውር ቢሆን ኖሮ ይሉኝታ ያቆመው ነበር። ዋጋ የወጣለትን ነገር ይሉኝታ አያቆመውም።

የሚሸጠው ዕቃ ደግሞ ምን እንደሆነ ታክሲው ውስጥ ሰምቻለሁ። የአንዲት እናት ገላ ነው። ከሁለቱ ተሰዳዳቢዎች የአንዱ እናት። ምናልባት ገጠር ነው የምትኖረው። ምናልባት በዚያ ሰዓት ቡና እያፈላች ነበር። ልጇ አልከሰሰም፤ እሱም የሌላውን እናት እየዘረዘረ ነው። ሕጉ አቤቱታ ይቅረብልኝ ይላል። እሷ እንደሆነ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው፤ ላይቭ አይከፍትም።